ማሪና፣ አሌግሮ፣ ማክሲ ወይስ አቬንጀር? ማንም የማይፈልጋትን አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ለሚመርጥ

«ይሄን ነገር የት ልታቆመው ነው?» አለችኝ ባለቤቴ፣ መጋረጃውን በአንድ እጇ ገለጥ አድርጋ። በራችን ላይ የቆመችው የ1978 ሞሪስ ማሪና ናት። ቀለሟ ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። የመጣችው በራሷ ጎማ ሳይሆን በጭነት መኪና ጀርባ ነው። ይሄም ነገሩን አላቀለለልኝም።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ እንግሊዝ የሚኖሩ ሦስት ጓደኞቼ «እኔም አንድ አሮጌ ብገዛስ?» ብለው ደውለውልኛል። ሚኒ ወይም ላንድሮቨር ካሉኝ ወሬውን ቶሎ እዘጋዋለሁ። እነሱን የሚወድ ሞልቷል፤ ዋጋቸውም አይቀመስም። እኔ የማወራው ስለ ሌሎቹ ነው። በ1970ዎቹ የእንግሊዝ አስተማሪ፣ ነርስና ጡረተኛ ሲነዷቸው ኖረው፣ ሲያረጁ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ለቁርጥራጭ ብረት ስለተሸጡት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን ስሜት አያጣውም። ላዳ ታክሲን ማን ቆንጆ ናት ብሎ ያውቃል? ግን ሰርግም ሐኪም ቤትም ያደረሰችን እሷ ናት። ለእንግሊዞች ማሪናና አሌግሮ እንደዚያ ናቸው። ልዩነቱ፣ እኛ ላዳን አልናቅናትም። እነሱ የገዛ መኪናቸውን ሃምሳ ዓመት ሲስቁባት ኖሩ። በቴሌቪዥን ማሪና ላይ ፒያኖ ከላይ እየጣሉ የተዝናኑ ሰዎች ናቸው።

ለንጽጽር አራት አቅርቤአለሁ። ቮክሶል ቪቫን ለምን ተውካት የሚል ይኖራል። ጥሩ መኪና ናት፤ ግን ካየኋቸው ውስጥ ዝገት ያልጨረሳት አላገኘሁም። ሂልማን ሃንተርም ቀርታለች። ለእሷ እንኳ አይታዘንም፤ ኢራን ውስጥ ፔይካን ተብላ እስከ 2005 ድረስ ስትሠራ ኖራለች።

ሞሪስ ማሪና፦ በችኮላ የተወለደችው

የሞሪስና የኦስቲን እናት ኩባንያ ብሪቲሽ ሌይላንድ በ1968 ሲመሠረት የአለቆቹ ራስ ምታት ፎርድ ኮርቲና ነበረች። ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚገዙት እሷን ነው። ስለዚህ ቶሎ፣ በርካሽ፣ መጋዘን ውስጥ ባለው ዕቃ ተፎካካሪ ይሠራ ተባለ። ቅርጿን ያወጣው ሮይ ሄይንስ ራሱ ከፎርድ የመጣ ነው፤ ሁለተኛዋን ኮርቲና የነደፈውም እሱ ነበር። ማሪና በኤፕሪል 1971 ወጣች። ኦክስፎርድ አጠገብ ባለው የካውሊ ፋብሪካ እስከ 1980 ተሠራች፤ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ።

ከሥሯ ገብታችሁ ብታዩ የምታገኙት የ1948ቷን ሞሪስ ማይነር ነው። ከፊት ያው ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ)፣ ያው ዘይት የሚሞላ ባለ ክንድ አሞርዛተር። ከኋላ ባሌስትራ። ካምቢዮው ከትራያምፍ የተወሰደ ነው። ጋዜጠኞቹ ይሄን ሲያዩ አልማሯትም። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ባለ 1.8 ሊትሮች ከባድ ሞተር ፊታቸው ላይ ስለተሸከሙ፣ ኩርባ ላይ መሪውን ብታዞሩትም እነሱ ቀጥ ብለው መሄድ ይመርጡ ነበር።

ዛሬ ግን ያ ሁሉ ነቀፋ ለገዢው ሲሳይ ሆኗል። የ1.3ቷ ሞተር ሚኒና ማይነር ላይ ያለው ኤ ሲሪስ ነው። የ1.8ቱ ደግሞ ኤምጂቢ የምትባለው ስፖርት መኪና ላይ ያለው ቢ ሲሪስ። እነዚህን መኪኖች እንግሊዞች እስከ ዛሬ እንደ ልጅ ይንከባከቧቸዋል። ስለዚህ ጓርኒሲዮን ይሁን ፑንቲና፣ ካንዴላ ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ ማታ ታዝዛላችሁ፣ በማግሥቱ ወይ በሳልስቱ ፖስተኛው በር ያንኳኳል። የተናቀችው መኪና የምትኖረው በተወደዱት ዘመዶቿ መለዋወጫ ነው።

ኮፈኑን ስከፍተው ሁሌ ይገርመኛል። ሞተሩ ዙሪያ ሰው ቆሞ ሊሠራ የሚችል ይመስላል፤ የዛሬ መኪና ውስጥ ጣት አይገባም። ባለፈው ቅዳሜ ካንዴላዎቹን ቀይሬ፣ ፑንቲናውን አጽድቼ፣ ክፍተቱን በቀጭን የብረት መለኪያ አስተካክዬ ስጨርስ ቡናው ገና ሁለተኛው ላይ ነበር። እንደ ሜካኒክ የሚያኮራ ሙያ የለኝም። ሥራው ነው ቀላሉ።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። አዘውትሮ ግራሶ ካላገኘ መገጣጠሚያው ይበላል፤ የተበላ መገጣጠሚያ ደግሞ መንገድ ላይ ያስቀራችኋል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለዓመታት ረስቶት ነበር። በጭነት መኪና የመጣችበት ምክንያት ይሄው ነው።

ባለ ሁለት በሯ ኩፔ ታምራለች። ነገር ግን የፊት በሯ የባለ አራት በሯ ያው አጭር በር ነው። ከኋላ ለመግባት ወገብ አጥፎ፣ ትንፋሽ ውጦ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ካሏችሁ ኩፔን ተዉዋት። ለመደሰት ያህል፦ የማሪናን የበር እጀታ ሎተስ የተባለው ኩባንያ ወስዶ እስፕሪት በተባለችው የስፖርት መኪናው ላይ ገጥሞታል። ያቺን ስፖርት መኪና ያያችሁ ዕለት እጀታዋን እዩልኝ።

ኦስቲን አሌግሮ፦ የምትመቸውና የምታስቸግረው

ኮቨንትሪ በነበርኩበት ጊዜ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት አሌግሮ ነበረቻቸው፤ ቢጫ ቀለም ያላት። ዝናብ ሲጥል እኔን ከአውቶቡስ ፌርማታ ያነሱኝ ነበር። ጋቢና ገብቼ በሩን ስዘጋ የፕላስቲክ ወንበርና የሚንት ከረሜላ ሽታ ይቀበለኛል። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ውስጡ ግን አይሰማም። ጀልባ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር።

ሚስጥሩ ሃይድራጋስ ይባላል። ሞላም ባሌስትራም የላትም። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ናይትሮጅን ጋዝና ፈሳሽ የታመቀበት ድቡልቡል ዕቃ አለ። በአንድ በኩል ያሉት የፊቱና የኋላው በቱቦ ተያይዘዋል። የፊቱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይገፋና መኪናዋ ሳትንጋደድ ትነሣለች። የፈለሰፈው አሌክስ ሞልተን ነው፤ ትንንሽ ጎማ ያላቸውን ብስክሌቶች የሠራው ያው ሰው።

አሌግሮ በሜይ 1973 ከበርሚንግሃም ሎንግብሪጅ ፋብሪካ ወጣች። ንድፏን የሠራው ሃሪስ ማን ነው። የመጀመሪያ ሥዕሎቹ ቀጠን፣ ዝቅ ያለች መኪና ያሳያሉ። ከዚያ ግን ረጅሙ ኢ ሲሪስ ሞተር ይግባባት ተባለ። ለማሪና የተሠራው ትልቅ ማሞቂያም ይግባባት ተባለ። ኮፈኑ ከፍ አለ፣ ጎኗ ተነፋ። የወጣችው አሁን የምናውቃት ድንቡሽ ያለች ናት። በዚያ ላይ አራት ማዕዘን ለመሆን የከጀለው መሪ ተጨመረባት። ኳርቲክ ብለው አሞገሱት፤ ሕዝቡ ሳቀ፤ ብዙም ሳይቆይ በክብ ተተካ። ያ መሪ ያላት አሌግሮ ዛሬ ከሌሎቹ ይበልጥ ትፈለጋለች። ለሳቅ የሆነው ነገር ዋጋ ጨመረ እንግዲህ።

ይባስ ብለው በ1973 ባለ አምስት በር ሳያደርጓት ቀሩ። የኋላው ተከፍቶ ዕቃ የሚጫንበት በር የእህቷ የማክሲ መለያ ነውና አትንጠቃት ብለው ነው። ገዢው ግን ይሄን ቤተሰባዊ ስምምነት አላከበረላቸውም፤ ባለ አምስት በር ወደሚሸጡ ሌሎች አገሮች መኪና ሄደ።

አሌግሮ የምትገዙ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ከጎማው መሐል እስከ ላይኛው ላሜራ ጠርዝ አራቱንም ለኩ። በቀኝና በግራ ልዩነት ካለ ወይም አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ ከተኛ ፈሳሹ ወጥቷል ማለት ነው። የሃይድራጋስ ዕቃ አዲስ መሠራት ካቆመ ቆይቷል። ያለውን በፓምፕ የሚሞሉ ባለሙያዎች አሉ፤ በየሰፈሩ ግን አይገኙም። እኔ የጠየቅኩት አንድ ጋራዥ ስሙን ስጠራለት «እሱ ምንድን ነው?» አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት ቅርባችሁ ያለውን ባለሙያ በአሌግሮ ክለብ በኩል ፈልጉ። ሩቅ ከሆነ ሐሳባችሁን እንደገና አስቡት።

ሌላ ነገር፤ ሞተሩና ካምቢዮው ከላይና ከታች ሆነው አንድ ዘይት ይጋራሉ። ዘይቱን በጊዜ የማይቀይር ሰው ሁለቱንም ባንድ ላይ ነው የሚገድላቸው። ሻጩን የመጨረሻው የዘይት ቅያሬ መቼ እንደነበር ጠይቁት። ካመነታ መልሱን አግኝታችኋል።

ለቀልድም ለቁም ነገርም የሚሆን ምርጫ ደግሞ አለ፦ ቫንደን ፕላስ 1500። ያቺው አሌግሮ ናት፤ ግን ፊቷ ላይ የትልልቅ ሰዎች መኪና የመሰለ የብረት ፍርግርግ ተለጥፎባታል። ውስጧ ቆዳ ወንበር አለ። ከፊት ወንበሮች ጀርባ ተዘርግተው ምሳ የሚበላባቸው የዋልነት እንጨት ጠረጴዛዎች አሏት። ካባ የለበሰች የቤት ሠራተኛ እያሉ የሚተቿት አሉ። እኔ እንኳን ባገኛት አልመልሳትም።

ኦስቲን ማክሲ፦ ቤተሰብ ላለው

ልጆች ካሏችሁ፣ መኪናዋንም በእውነት ልትገለገሉባት ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሙ። ማክሲ በ1969 ወጣች፤ ሚኒን የፈለሰፈው አሌክ ኢሲጎኒስ የሠራት የመጨረሻዋ ትልቅ ሥራው ናት። አምስት በር፣ አምስት ማርሽ፣ በ1969! ወንበሮቹ ሁሉ ሲተኙ ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ ይሆናሉ። እኔ ራሴ ዌልስ ውስጥ አንድ ሌሊት በጓደኛዬ ማክሲ ተኝቼባታለሁ። ወገቤ አመስግኗል ባልልም ዝናቡ አልነካኝም።

መልኳን አትጠይቁ። በሮቿ ኦስቲን 1800 ከተባለች ከእሷ ትልቅ መኪና የተወሰዱ ናቸው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ። ሌላው አካል በእነዚያ በሮች ልክ እንዲሠራ ተገደደ። ታላቅ ወንድሙ የተወለት ኮት የለበሰ ልጅ ትመስላለች።

ከገዛችሁ 1970 መጨረሻ ላይ ከተሻሻለች በኋላ የተሠራችውን ግዙ። የመጀመሪያዎቹ ማርሻቸው በኬብል የሚታዘዝ ነበር፤ ሦስተኛን ፍለጋ እንደ ጠፋ በግ ስትዞሩ ትውላላችሁ። በኋላ በብረት ዘንግ ተተካና ሰው ሆነ። 1750ዋ ከ1500ዋ ይልቅ ለረጅም መንገድ ትሻላለች። በ1978 አካባቢና ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሃይድራጋስ ስላላቸው ለአሌግሮ ያልኩት ሁሉ ለእነሱም ነው።

ሂልማን አቬንጀር፦ መንዳት ለሚወድ

አቬንጀር ከብሪቲሽ ሌይላንድ ቤት አይደለችም። ፌብሩዋሪ 1970 የወጣችው ከኮቨንትሪ አጠገብ ካለው የራይተን ፋብሪካ ነው፤ ባለቤቱ ያኔ የአሜሪካው ክራይስለር ነበር። ከዜሮ የተሠራች ናት፤ ያረጀ ዕቃ አልተሰካባትም። ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ስላላት ኩርባ ላይ ከማሪና በብዙ ትበልጣለች። ከአራቱ መሪዋ የሚጥመኝ የእሷ ነው።

ችግሯ ስሟን ሲቀያይሩባት ኖሩ። ሂልማን ነበረች፣ በ1976 ክራይስለር፣ በ1979 ታልቦት ሆነች፣ በ1981 አለቀች። አሜሪካ ውስጥ ፕሊመዝ ክሪኬት ተብላ ሞክራ ተመለሰች። አርጀንቲና ውስጥ ግን ዶጅ 1500፣ ኋላም ቮልስዋገን 1500 ተብላ እስከ 1990 ኖረች። ቮልስዋገን የሚል ስም የተለጠፈባት የኮቨንትሪ ልጅ! ሞተሯን ከሌላ ዝነኛ መኪና ጋር ስለማትጋራ መለዋወጫ ፍለጋው ከማሪና ይከብዳል። ለአካል ላሜራማ ዕድልና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ዝገት

እስካሁን ያልኩትን ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ሞተር ይጠገናል። ዝገት ግን ኪስ አራቁቶም አይጠግብም። የእንግሊዝ መንገድ ለበረዶ ጨው ይረጭበታል፤ የዚያን ዘመን ላሜራ ደግሞ ከዝገት የሚጠብቀው ነገር እምብዛም አልነበረም። ከተረፉትም ብዙዎቹ በመጋጨት ውድድሮች ላይ አለቁ።

ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። በሮቹ ሥር ያለውን ረጅም ወራጅ፣ የጎማ ቅስቱን፣ የፊት መብራቱን ዙሪያ በቀስታ እያስኬዳችሁ ፈትሹ። ማግኔቱ ከወደቀ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፤ ላሜራ አይደለም። ምንጣፉን አንሡ። ክሪክ የሚገባበትን ቦታ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ማሪና ላይ ባሌስትራው ከአካሏ ጋር የሚታሰርበትን ቦታና ከፊት ቶርሽን ባሩ የተያዘበትን ብረት እዩ። እዚያ ከዛገ ብየዳው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። እኔ መጀመሪያ ያየኋት ማሪና ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ማግኔቴ አምስት ጊዜ ወደቀ። አመስግኜ ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ ግን ሥሯ ደረቅ የሆነችውን ምረጡ። የምታምረዋን ለሌላ ሰው ተዉለት።

ወረቀትና ነዳጅ ባጭሩ

አራቱም ከተሠሩ ከ40 ዓመት በላይ ስለሆናቸው እንግሊዝ ውስጥ በታሪካዊ መኪና ምድብ ይመዘገባሉ። በዚህ ምድብ የመንገድ ግብር ዜሮ ነው፤ ዜሮም ቢሆን ግን በየዓመቱ ማሳደስ ግዴታ ነው። የለንደን የአየር ብክለት ክፍያም አይነካቸውም። ብዙ ካልተቀየሩ የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራም ቀርቶላቸዋል። እኔ ግን በገዛ ፈቃዴ አስመረምራታለሁ፤ ፍሬን በይሉኝታ አይሠራም።

ነዳጅ ኢ5 የተባለውን፣ ኢታኖል (አልኮል) ያነሰበትን ቤንዚን ቅዱ። ኢታኖል የሚበዛበት ኢ10 በአሮጌ መኪና ላይ ከጎማ የተሠሩትን የነዳጅ ቱቦዎች ይበላል። ከሊድ ነፃ ቤንዚን ሳይመጣ የተሠሩ ሞተሮች ስለሆኑ ቴስታታቸው ካልተቀየረ ማሟያ ፈሳሽ መጨመር ይፈልጋሉ። ሻጩን ጠይቁት። ወደ አዲስ አበባ እወስዳታለሁ የምትሉ ግን ሐሳቡን ተዉት፤ ኢትዮጵያ በ2024 ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች።

እንግዲህ የትኛዋ?

መጀመሪያችሁ ከሆነ፣ እጃችሁም ቁልፍ መያዝ እየተማረ ከሆነ፣ ማሪና 1.3 ባለ አራት በር። አላወላውልም። ልጆችና ሻንጣ ካለ ማክሲ። ብዙ አሮጌ መኪና ነድታችሁ ያለፋችሁና መለዋወጫ ማደን የማይሰለቻችሁ ከሆነ አቬንጀር። አሌግሮን የምመክረው አሌግሮን ለሚወድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምክሬን አይጠይቅም።

ልታዩ ስትሄዱ ሻጩን አስቀድማችሁ «ሞተሩን እንዳታሞቀው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን ንኩት፤ ሞቅ ካለ የሚደብቀው ነገር አለ። ከዚያ ራሳችሁ አስነሡት። ቾኩን (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሣ የሚረዳውን መጎተቻ) ሳቡት፣ ቁልፉን አዙሩ፣ ሲነሣ በጆሮ እየተከተላችሁ ቾኩን ቀስ በቀስ መልሱት። ሰማያዊ ጭስ ካለ ዘይት እየበላ ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ሁሉንም ማርሽ፣ ሁሉንም ፍሬቻ ሞክሩ። ክላክሱንም አድርጉት፤ ባለቤቴ በጣም የሳቀችው በእሱ ነው።

በመጨረሻ የኋላውን ወንበር አንሡት። ዝገቱንም እርጥበቱንም የምታገኙት እዚያ ነው። እኔ ከወንበሩ ሥር አንድ ደረቅ የከረሜላ ወረቀት፣ የልጅ ካልሲና የግማሽ ፔኒ ሳንቲም አገኘሁ፤ ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ የማይሠራ ገንዘብ። ካልሲውን ጣልኩት። ሳንቲሙ ክሩስኮቶው ላይ ነው፤ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ይንሸራተታል።